«ነፃ» የሚባለው ትምህርት ስንት ነው? ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ነሐሴ 2017 ዓ.ም
ሰሜን ሸዋ

ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ግልባጭ፦ ለወረዳው ምክር ቤት፣ ለተማሪ ወላጆች በሙሉ

ክቡር ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፍልዎ በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት (ወመተህ) ገንዘብ ያዥ ሆኜ ነው። እንጀራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። እዚያው ትምህርት ቤት የምትማር ልጅም አለችኝ። የወላጁን ብር የምቀበለው እኔ፣ ዩኒፎርሙን የምሰፋው እኔ፣ በመጨረሻም እንደ ወላጅ የምከፍለው እኔ ነኝ። ሂሳቡን በሦስት በኩል አየዋለሁ ማለት ነው።

ለመጻፍ ያስነሳኝ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣው ደብዳቤ ነው። አምና 700 ብር የነበረው የወላጅ መዋጮ ዘንድሮ 1,500 ሆኗል። ለአጥር፣ ለጥበቃና ለመማሪያ ክፍል ጥገና ነው ይላል። ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለተኛው አንቀጽ «በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ይላል። አምስተኛው ደግሞ «መዋጮውን ላላሟላ ተማሪ ምዝገባ አይካሄድም» ይላል። ፈቃደኝነቱና «አይካሄድም» በአንድ ገጽ ላይ ናቸው። ማኅተሙም አንድ ነው።

ወላጆች ተሰብስበን ቅር እንዳለን ስንናገር መድረኩ ላይ ከነበሩት አንዱ የመለሱልንን አልረሳውም። «የመንግሥት ትምህርት ነፃ ነው፤ የመዋጮዋ ነገር ይህን ያህል አታስጮህም። ያልተመቸው የግል ትምህርት ቤት አለለት» አሉን። ክቡር ኃላፊ፣ በከተማችን የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የለም። ይህን እርስዎም ያውቃሉ። ቅርቡ ደብረ ብርሃን ነው፤ ያም መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን። በዚያው ስብሰባ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎም ተተረተልን። ድሩ እኛ መሆናችን ገብቶናል። አንበሳው ማን እንደሆነ ግን አልተነገረንም።

«ነፃ» የምትለዋ ቃል ስላላስተኛችኝ ማታ ደብተር አውጥቼ ደመርኩ። እህቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው፤ ልጇ የግል ትምህርት ቤት ይማራል። አምና እሱም የእኔዋም 9ኛ ክፍል ነበሩ። እሷ የከፈለችውን በስልክ ጠይቄ ጻፍኩ። የእኔ መቼም ደረሰኝ ያለውም የሌለውም እጄ ላይ ነው።

የእህቴ ይህን ይመስላል። በወር 1,800 ብር፣ በአስር ወር 18,000። ምዝገባ 1,500። ዩኒፎርም ከነስፖርት ልብሱ 2,000። ደብተርና እስክሪብቶ 1,450። ድምሩ 22,950 ብር። መጽሐፉን ትምህርት ቤቱ አባዝቶ ሰጥቷል። ልጁ ጠዋት ገብቶ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወጣው። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉት 38 ናቸው።

የእኔ ደግሞ ይኸው። መዋጮ 700። ዩኒፎርም፣ በራሴ እጅ ሰፍቼ እንኳ፣ ጨርቁና ሹራቡ 1,600። ሁለት ደርዘን ደብተር አንዱን በ50 ብር 1,200። እስክሪብቶ፣ ማስመሪያ፣ የኮምፓስ ሳጥን 250። የሦስት መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ 900። በሁለቱ ሴሚስተር ለፈተና ወረቀት ማባዣ 100። ማጠናከሪያ በወር 500፣ በአስር ወር 5,000። ድምሩ 9,750 ብር።

እውነቱን ለመናገር የእኔ ከእህቴ ግማሽ አይሞላም። የመንግሥቱ ከግሉ እኩል ያስከፍላል ብዬ አልዋሽም። ግን 9,750 ብር በማንኛውም አማርኛ «ነፃ» አይባልም። ደግሞም እህቴ የምትከፍለው ለሚሰጣት ነገር ነው። እኔ የከፈልኩት ላልተሰጠኝ ነው። መጽሐፍ ስላልመጣ ፎቶ ኮፒ ከፈልኩ። ልጄ በፈረቃ ግማሽ ቀን ስለምትማርና ክፍሏ ውስጥ 76 ስለሆኑ ማጠናከሪያ ከፈልኩ። ለሁለተኛ ደረጃ በክፍል 40 ተማሪ የሚለውን መለኪያ ያወጣነው እኛ ወላጆች አይደለንም። ማጠናከሪያውን የሚያስተምሩት ጠዋት እዚያው ክፍል የሚያስተምሯት መምህር ናቸው። በእሳቸው አልፈርድም። ደመወዛቸው ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ አያልፍም፤ ማርከር እንኳ ከኪሳቸው ሲገዙ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፤ ወደ ገጠሩ ልጅ።

ከ8ኛ ክፍል በኋላ በዙሪያችን ካሉት ቀበሌዎች ልጆች የሚመጡት እኛ ከተማ ነው። ሦስት አራት ሆነው አንዲት የጭቃ ክፍል ይከራያሉ። ከሱቄ ጀርባ ባለው ግቢ አምና ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ኪራዩ በወር 1,200 ነው፤ ለእያንዳንዳቸው 400 ይደርሳል። ለከሰልና ለመብራት በወር 150። ቤተሰብ ጋ ደርሶ ስንቅ ለማምጣት በወር ሁለቴ መኪና፣ ደርሶ መልስ 100 ብር፣ 200 ማለት ነው። ይህ በአስር ወር 7,500 ብር ነው። ማጠናከሪያ የሚባል ነገር ስለማይነኩ 5,000ውን ልቀንስላቸው። የቀረውን 4,750 ስጨምርበት አንዱ ልጅ 12,250 ብር ያወጣል። እህል አልቆጠርኩም። በሶው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹ፣ እናት ቅዳሜ ሌሊት ተነስታ የምትጋግረው እንጀራ ሁሉ ከዚህ ውጭ ነው። ልጁ ቤት ቢሆን ኖሮ በጎቹን ይጠብቅ፣ እርሻውን ያግዝ ነበር። ያንንም አልቆጠርኩም።

እንግዲህ ይዩት። በከተማው ካለሁት ከእኔ ይልቅ ከገብስ ማሳና ከጥቂት በጎች ሌላ ምንም የሌለው ሰው ለዚሁ «ነፃ» ትምህርት የበለጠ ይከፍላል። እህቴ ከወር ደመወዟ ነው የምትከፍለው። እሱ ጠቦት ይዞ ገበያ ይወጣል። ሁሉም እኩል ጠቦት ይዞ ሲወጣ ደግሞ የጠቦት ዋጋ ይወርዳል። ነጋዴው ይህን ያውቃል፤ የሚገዛውም በዚያው በመዋጮው ጊዜ ነው።

ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ የከረመበት ቦታ ብዙ ነው። የእኛም ከዚያ አላመለጠም። ትምህርቱ ሲቆም ኪራዩ አልቆመም። እነዚያ ሦስት ልጆች ባልተማሩበት ወር ከፍለዋል፤ አከራይዋም ባሏ የሞተባት ናት፤ እሷንም «ማሪያቸው» ማለት ከበደኝ።

ስለ ምዝገባ ክልከላው በደንብ ልንገርዎ፤ እኔም ያለሁበት ጉዳይ ስለሆነ። አምና መስከረም ላይ ጠረጴዛው ጋ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። አንድ ልጅ መጣ። ጋቢ ተከናንቧል፤ በጎማ ጫማ ነው፤ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። 400 ብር በላስቲክ ጠቅልሎ አውጥቶ ቆጠረልኝ። ቀጥሎ ጋቢውን ገለጥ ሲያደርግ ብብቱ ስር ቀይ አውራ ዶሮ አለ። «ጋሼ፣ ዶሮውን መያዣ ይያዙልኝ፤ የቀረውን አባዬ ለቅዳሜ ገበያ ያመጣል» አለኝ። አጠገቤ የነበሩት ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ። መመሪያ ነውና መለስነው። ዶሮውን ይዞ ሄደ። የተመለሰው ከመስቀል በኋላ ነው፤ 700ውን ሞልቶ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትምህርት አልፎታል፤ ወንበርም አልነበረም። መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ነው ሴሚስተሩን የጨረሰው። መስኮቱ መስታወት የለውም፤ የእኛን አገር ብርድ እርስዎም ያውቁታል። ያን ቀን ከኪሴ 300 ብር አውጥቼ ልሞላለት እችል ነበር። አላደረግኩም። ግን እያንዳንዱ ልጅ የገንዘብ ያዥ ርኅራኄ እየጠበቀ መመዝገብ የለበትም።

ካርድ የመያዝ ነገርም አለ። ሰኔ ላይ መዋጮ የቀረባቸው ልጆች ካርዳቸው ተይዞባቸዋል። ልጁ አልፎ ይሁን ወድቆ ሳያውቅ ክረምቱን የከረመ አለ። ይህ በየትኛው ደንብ እንደተጻፈ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

የመጽሐፉን ጉዳይ በአጭሩ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ጀምሮ ሲገባ መጽሐፉ በቴሌግራም ቀድሞ መጣ፤ ወረቀቱ ግን ዘገየ። የልጄ ጂኦግራፊ ፎቶ ኮፒ እጄ ላይ ነው። ካርታው ያለበትን ገጽ ብታዩት ወንዙም ድንበሩም ተራራውም አንድ ላይ ጠቁሯል። ልጄ በእርሳስ «ይህ ዓባይ ሊሆን ይችላል» ብላ ጽፋበታለች። ስልክ ያለው ቤተሰብ ልጅ በስልኩ ያነባል። ስልክ ከሌላቸው ከእነዚያ ሦስት ልጆች ደግሞ አንዱ ገልብጦ ለሁለቱ ያነብላቸዋል።

ስለ ዩኒፎርም ስናገር ሥራዬን የሚጎዳ ነገር ልናገር ነው። አምና ቀለሙ ከሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ ተቀየረ። ለእኔ ገበያ ነበር። በነሐሴና በመስከረም እስከ እኩለ ሌሊት ሰፋሁ። ግን አንዲት ልብስ አጣቢ እናት የትልቋን ልጇን ሰማያዊ ዩኒፎርም ይዛ መጣች፤ ለታናሿ እንዲሆን «ቀለም ንከርልኝ» አለችኝ። ነከርኩት። ፖሊስተር ስለነበር አልያዘም፤ እንደ ነብር ቆዳ ቦታ ቦታው ነጠብጣብ ሆኖ ወጣ። ልጅቷ በሩ ላይ ተመለሰች። ቀለሙን ማን ቀየረው ብለን ጠየቅን። ትምህርት ቤቱ «ከላይ ነው» አለን። ወደ ላይ ስንሄድ «የትምህርት ቤቱ ውሳኔ ነው» ተባልን። ሰማያዊው ምን አጥፍቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

«ታዲያ መንግሥት ከየት ያምጣ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የወረዳው በጀት አብዛኛው ለደመወዝ እንደሚሄድ አላጣሁትም። ስኩል ግራንት የሚሉት ድጎማ ከዛሬ 15 ዓመት ገደማ በፊት ሲጀመር ለታችኛው ክፍል ተማሪ በዓመት 50 ብር ነበር። ያኔ 50 ብር ቁም ነገር ነበረው። ዛሬ አንድ ደብተር ነው። ለእኛ ትምህርት ቤት አምና የመጣው ድጎማ በመዝገቤ ላይ የገባው ግንቦት ውስጥ ነው፤ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል። ስለዚህ ክፍተቱን ወላጅ ይሙላ መባሉ ጭራሽ የማይገባ ነገር አይደለም። «ትምህርት ለትውልድ» ተብሎ ሕዝቡ ሲጠራም ድንጋይ ተሸክመን፣ እንጨት አምጥተን ሠርተናል። የተውነው ነገር የለም።

ነገር ግን የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ነፃ ነው ብሎ ነው የጀመረው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የሚመድበው መንግሥት ነው ይላል። በእኛ ቤት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄደው መዋጮው ነው።

አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ከ2012 ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም፣ ደብተርና ምገባ ማቅረብ ጀመረ። የአክስቴ የልጅ ልጆች እዚያ ይማራሉ፤ ቦርሳቸው ሳይቀር ተሰጥቷቸዋል። ቅናት አይደለም ልል ነበር። እሺ፣ ትንሽ ቅናት ነው። የአዲስ አበባን ገቢ ወረዳችን እንደማያገኝ አውቃለሁ። ግን ያ ሁሉ የሚቀርብለት ልጅና ዶሮ በብብቱ ይዞ የመጣው ልጅ 12ኛ ክፍል ላይ የሚቀመጡት ለአንድ ፈተና ነው።

ፈተናውም ውጤቱን አሳይቶናል። በ2014 በአገር ደረጃ 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ። በእነዚህ ዓመታት በየዓመቱ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ይህን የማነሳው ለማሳጣት አይደለም። ወላጅ በግ ሸጦ የሚገዛው ነገር ምን እንደሆነ አብረን እንድናይ ነው።

አያቴ ፊደል የቆጠሩት ደብር ላይ ነው። አባታቸው ለየኔታ በዓመት ገብስ ይሰፍሩ ነበር። ስንት ቁና እንደሆነ ቀድሞ ይነገራቸዋል፤ ድርቅ ሲሆን የኔታ ይተዋሉ። የዱሮውን ናፍቄ አይደለም። ዋጋው የታወቀ ነበር ለማለት ነው።

ጥያቄያችን እንዲህ ነው።

ከሁሉ በፊት፣ ምዝገባ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ቀርቶታልና፣ አምስተኛው አንቀጽ ይነሳልን። መዋጮ አልከፈለም ተብሎ ማንም ልጅ ከምዝገባ እንዳይመለስ፣ ካርዱም እንዳይያዝ በጽሑፍ ይታዘዝልን። በቃል አይበቃንም፤ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ሰው የሚያሳየው ወረቀት ያስፈልገዋል። መክፈል የማይችለውን የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርዱ (ቀትስቦ) ከየቀበሌው ለይቶ ስሙን ለእኛ ብቻ ይላክ። ልጁ በሰልፍ መሀል «ድሃ ነኝ» ብሎ እንዲናገር አይደረግ።

1,500 ብሩ ከምን ተነስቶ 1,500 እንደሆነ የአጥሩ ግምት ከነዝርዝሩ ይታየን። አጥር ይቅደም ወይስ መጽሐፍ የሚለውን ወላጁ ይምረጥ። ምርጫው ለእኛ ቢሰጠን መጽሐፍ ነው የምንለው፤ አጥሩን በጉልበትም እናጥረዋለን። ድጎማውና መዋጮው ስንት ገብቶ ለምን እንደወጣ በዓመት ሁለት ጊዜ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ይህ እኔንም ይመለከታል፤ እኔም ልመርመር።

የዩኒፎርም ቀለም ቢያንስ ለአምስት ዓመት አይቀየር። መቀየር ካለበትም በሰኔ ይነገር፤ አሮጌው እስኪያልቅ ይለበስ። ገበያዬ ቢቀንስ ምንም አይደለም።

ተከራይተው ለሚማሩት የገጠር ልጆች አዳሪ ቤት ይሠራ ብለን በአንድ ጊዜ አንጠይቅም። ለጊዜው ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ማታ 1 ሰዓት ይከፈትላቸው፤ መብራት አለው። ጥበቃው ከተስማማ ቁልፉን በተራ እኛ ወላጆች እንይዛለን። ትምህርት በጸጥታ ምክንያት ሲቋረጥ ደግሞ የኪራዩን ጉዳይ ቀበሌው ከአከራዮች ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገርልን።

መልስዎን ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ብናገኝ ደግ ነው። የገቢና ወጪ መዝገቡ፣ የጠቆረው ካርታና ነጠብጣቡ ዩኒፎርም ሱቄ ውስጥ አሉ። ሰው ልከው ማየት ይችላሉ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ሙሉ ቀን ክፍት ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣

የትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ገንዘብ ያዥ
ልብስ ሰፊና የ10ኛ ክፍል ተማሪ ወላጅ